ሁለት አምፕሊፋየሮችና የአባቴ ጆሮ

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጠጋኝ ስላልኩ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልት ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ በሚያወራባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጦ፣ ከቀበና እስከ ኮተቤ ያለውን ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ሁሉ ከሞት ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው። እኔ ሳወራ ትንሽ ማጋነን እወዳለሁ። ባለቤቴ እዚህ ጋ ብትሆን «ትንሽ?» ትለኝ ነበር። እሺ፣ ብዙ። ስለ አባቴ ጆሮ ሲሆን ግን የማጋንነው ነገር የለኝም። መገናኛ አደባባይ ላይ ሳንቲም ቢወድቅ፣ እሱ ቤታችን በር ላይ ቁጭ ብሎ ባለ ስንት ሳንቲም እንደሆነ፣ ዘውድ ይሁን ጎፈር በየትኛው ጎኑ እንደተጋደመ ይናገር ነበር። ያላመነ ወርዶ ያይ ነበር፤ ሳንቲሙን ግን ሌላ ሰው አንስቶት ያገኘዋል።

ሰፈራችን ውስጥ የድምፅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሚስት እንደሚያገባ ሰው ነበር የሚሆነው፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው አባቴ ነው። ዕቃው ለሙከራ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ላቡን ይጠርጋል። አባቴ ታዲያ እንደ ሌላው ሰው ዘፈን ከፍቶ ቆርቆሮ አያንቀጠቅጥም። ምንም ሳይከፍት፣ ምንም ሳያጫውት፣ ድምፅ መጨመሪያዋን እስከ መጨረሻው ያዞራትና ጆሮውን ስፒከሩ አፍ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ሲዘፍን ማንም ያምራል» ይል ነበር። «እኔ የምፈልገው ዝም ሲል ምን እንደሚል ነው።»

ጥሩ አምፕሊፋየር ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል። መጥፎው ግን ሥራ ሳይሰጡትም ከውስጡ «ሽሽሽ» እያለ ያንሾካሹካል። የዛሬው ሹክሹክታ ነገ ዘፈኑ ውስጥ ይገባና ክራሩን ያበላሻል፣ ሬዲዮ ላይ ዜና የሚያነበውን ሰው ዝናብ ውስጥ የቆመ ያስመስለዋል። አባቴ ዓይኑን ገልጦ «ይሄ ሐሜተኛ ነው፣ መልሰው» ካለ ያ ዕቃ መርካቶ ድረስ ስሙ ጠፋ ማለት ነው። ዕቃውን በጣቶቹ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ጨዋ ነው» ካለ ደግሞ ባለቤቱ ደስታው ከሠርጉ ቀን ይበልጣል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖር ጀመር። ቤታችን ከዋናው መንገድ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ዛሬ ላይኛው ተራራ ፓርክ ሆኖ ሰው ፎቶ ሊነሳበት ይወጣል፤ የማወራችሁ ጊዜ ግን ባቡሩ መገናኛ ላይ ገና አዲስ የነበረበት፣ ከላይ ከኪዳነ ምሕረት በኩል የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከእንጨት ተሸካሚዎችና ከሯጮች በስተቀር ማንም የማይታይበት ጊዜ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጥና ከጎረቤታችን ጋር በአጥሩ ላይ ይጨቃጨቃል። ጎረቤታችን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አለቃ ነው፤ አባቴ ደግሞ ጾም የማያጓድል ኦርቶዶክስ። የሚጨቃጨቁት ታዲያ ስለ ሃይማኖት አይደለም። ስለ ወፍ ነው።

«ወፎቹ ተሰደዱ እኮ» ይላል አባቴ። «ይሄ የኮንዶሚኒየም ግንባታ አባረራቸው። ድሮ እዚች ባህር ዛፍ ላይ በጠዋት ጉባኤ ነበር የሚያደርጉት።»

«ጋሼ፣ አሉ እኮ! ይኸው እየጮኹ!»

«የት ነው የሚጮኹት?»

«እዚሁ፣ ራስዎ ላይ!»

«እናንተ ደግሞ መንፈስ ይገለጥላችኋል፤ ለእኛ ለኃጢአተኞቹ ወፍም አይገለጥልን» ይለዋል አባቴ። ዘማሪው በሳቅ ይንከተከታል፣ «ተባረኩ ጋሼ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔም ከጀርባ ሆኜ ነገሩን አጋግል ነበር። ወፎቹ ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡስ ተራ ሲሳፈሩ አይቻለሁ፣ አንዷ ትልቅ ወፍ መልቀቂያ ሁሉ ይዛ ነበር እያልኩ። ሁላችንም እንስቅ ነበር። አባቴም ይስቃል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሳሎናችን ውስጥ አባቴ በወጣትነቱ ከዋንዛ እንጨት ሳጥን ሠርቶ የገጠማቸው ሁለት ስፒከሮች አሉ። ቁመታቸው ከእኔ ትንሽ ቢያንስ ነው፤ ክብደታቸውን አልነግራችሁም፣ አታምኑኝም። እነሱን የሚነዳቸውም ራሱ በእጁ የሠራው አምፕሊፋየር ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደ በሬ እየተገፋ መጣና ያን አምፕሊፋየር በአንድ ብልጭታ አቃጠለው። ጭሱ ሳሎኑን ሞላው። አባቴ ከፈተው፣ አሸተተው፣ ከደነው።

«በቃው» አለ። «አዲስ ግዛ። ግን ለእነዚህ ስፒከሮች የሚመጥን ይሁን። ባለጌ አምጥተህ እንዳታጋባብኝ።»

የዚያን ጊዜ ደግሞ አዲስ ዓይነት አምፕሊፋየር መጥቶ ነበር። ሲዲ አይፈልግ፣ ካሴት አይፈልግ፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይያያዝና ሙዚቃውን ከኢንተርኔት ራሱ እየሳበ ያጫውታል። በስልክህ ታዝዘዋለህ። እኔም መገናኛ ወርጄ ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ባንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የድምፅ ዕቃ የምትሸጥ ሴት ሱቅ ገባሁ። ሻሽዋን ጥንቅቅ አድርጋ ያሰረች፣ ከስልጤ የመጣች ጎበዝ ነጋዴ ናት። ሁለት ዓይነት አሳየችኝ። አንዷ ጥቁር፣ ከዳቦ ቆሎ ሣጥን የማትበልጥ፣ መብራት እንኳ የሌላት ጭምት ነገር። ሌላው ብርማ፣ ሰፊ፣ ፊቱ ላይ ስክሪን ያለው፣ በሰማያዊ መብራት የሚያጌጥ፣ ሲያዩት የሚኒስትር መኪና የሚመስል።

«የቱ ይሻላል?» አልኳት።

«ወላሂ እኔም ገና አልለየሁም። ሁለቱም ለናሙና ነው የመጡልኝ። የተሻለውን ብቻ ነው ላስመጣ ያሰብኩት። የት ነህ ሰፈርህ?»

«ፈረንሳይ። ያባቴ ሱቅ እዚያ አስፋልት ዳር ነበር፣ ሬዲዮ ጠጋኝ—»

አላስጨረሰችኝም። «ያቺ የቆርቆሮዋ ሱቅ? ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡት ሽማግሌ?»

«እሱ ራሱ።»

«የኔ አባት ስንት ቴፕ ነው እሳቸው ጋ ያሠራው! እሳቸው ያላመኑበትን ዕቃ ሱቁ አያስገባም ነበር እኮ!» ብላ ሁለቱንም ካርቶን ከመደርደሪያው አወረደችልኝ። ማስያዣ የለ፣ ፊርማ የለ። «ይዘሃቸው ሂድ። እስከ ሰኞ ይፈትኗቸው። እሳቸው የመረጡትን ንገረኝ፤ ለሱቄም እሱኑ አስመጣለሁ።»

ያን ቀን ሁለቱን ካርቶኖች ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ደረቴ ሦስት ሰው የሚይዘውን ወንበር ለብቻው ይዞት ነበር። ረዳቱ «ጋሼ፣ ጠጋ በሉ እንጂ» ቢለኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ልነግረው ምንም አልቀረኝም።

አርብ ቀኑን ሙሉ ያለፈው ዕቃዎቹን በማናገር ነው። ጥቁሯ ወዲያው ተግባባች። ብርማው ግን ከመሥራቱ በፊት ስልኬ ላይ አገርህን ምረጥ አለኝ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድኩት፤ ኢትዮጵያ የለችም። እንደገና ወረድኩ። የለችም።

«ሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ይዘን አንዲት መስመር ከለከሉን?» አለ አባቴ መነፅሩን ከፍ አድርጎ። «ከእኛ ፊደል አጠገብ ያለው ማን ነው?»

«ኢስቶኒያ ይላል።»

«ሰላማዊ አገር ናት?»

«አልሰማሁባትም።»

«እሱን በል።»

እንዲህ አድርገን ኢስቶኒያውያን ሆነን አረፍን። ከዚያ ደግሞ ብርማው ራሱን ማደስ አለብኝ አለና ኔትወርኩን ይዞ ተቀመጠ። ኔቱ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ። እየሩሳሌም ደርሶ የሚመለስ ሰው ከዚህ ይፈጥናል። አባቴ ግን ያለ ሽቦ ሙዚቃ መምጣቱ ምንም አልደነቀውም። «ካየር ላይ ይዞ ያሰማል አልከኝ? ይሄማ ሬዲዮ ነው። እኔ አርባ ዓመት የኖርኩበት ነገር ነው፤ ስሙን ቀይረው አመጡልኝ» ብሎ ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፈተናው ተደረገ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ፣ ዘማሪው በር አጠገብ ወንበር ላይ። ዘማሪው የመጣው ለወግ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የሚለማመድበት አምፕሊፋየር ይፈልጋል፤ አባቴ የመረጠውን ሊገዛ ወስኖ ነው የመጣው። አባቴ ለሥራ ብቻ የሚለብሳትን ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ ወጣ። ከሱቁ መዘጋት ወዲህ አድርጓት አያውቅም። ቁልፎቿ አልገጥም ብለውት ባለቤቴ ቆለፈችለት።

«ጥቁሯን አስቀድም» አለኝ።

አያያዝኩ። ምንም ሳላጫውት ድምፁን እስከ ጥግ አደረስኩ። አባቴ ተንበረከከ፣ ጆሮውን ከስፒከሩ ትንሿ አፍ ላይ ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ዘማሪው እንኳ ትንፋሹን ያዘ።

«ጨዋ ናት» አለ።

ብርማውን አያያዝኩ። እንደዚያው ተንበረከከ። ቆየ።

«እሱም ጨዋ ነው። ሁለቱም ዝምታቸው ጥሩ ነው። እስቲ አሁን አዘፍናቸው።»

ከኢንተርኔቱ አንድ ክራር አገኘሁና በሁለቱም በየተራ አሰማሁት። በጥቁሯ ሲሰማ አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። በብርማው ሲሰማ ግን ፊቱ በራ። «ይኸውላችሁ! ይሄ ነው የጠራ! የጅማቷ ጫፍ ትሰማለች። ያቺ ጥቁር አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የምትዘፍን።» ተነስቶ ካፖርቱን አራገፈ። «ብርማው።»

ፍርዱ ተሰጠ። «ተባረኩ ጋሼ! በቃ እኔም ብርማውን ነው» አለ ዘማሪው።

እኔ ሽቦውን ልፈታ ወረድኩ። ክራሩ ቆሟል፤ ድምፅ መጨመሪያው ግን እዚያው ጥግ ላይ ነው። ጆሮዬ ስፒከሩ አጠገብ ደረሰ።

ሽሽሽሽሽሽሽ።

ማጋነን ብፈልግ የዓባይ ፏፏቴ ነው እላችሁ ነበር። አልነበረም። የእንጦጦ ባህር ዛፍ በክረምት ነፋስ ሲወዛወዝ ከሩቅ እንደሚሰማው ያህል ነበር። ግን ጥርት ብሎ፣ ያለማቋረጥ። የአባቴ ጆሮ ከአንዲት ደቂቃ በፊት ያረፈበት ቦታ ላይ። የድሮው አባቴ ይሄንን ከግቢው በር ላይ ሆኖ «ሐሜተኛ» ይለው ነበር።

አጠፋሁት። ሳሎኑ ፀጥ አለ። በመስኮቱ በኩል፣ ከባህር ዛፏ ላይ፣ ወፎች ይጮኹ ነበር።

ለካ አልተሰደዱም። እኔ ነኝ ሻንጣ ያሸከምኳቸው። ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ነው ከአባቴ ጆሮ አንድ በአንድ የወጣው፤ የወፉም፣ የሹክሹክታውም። ብርማው ያስደሰተውም ቀጭኑን ድምፅ ከልክ በላይ ስለሚያጎላ ነው፤ ለእሱ እንደ ልኩ ሆነለት።

ቀና ስል ባለቤቴ ፊቴን እያየች ነበር። አባቴ ደግሞ ካፖርቱን እያወለቀ ነው። ምንም አላልኩም።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ነጋዴዋ። «አባባ የቱን መረጡ?»

«ገና... እያሰላሰሉ ነው» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያሳፍር ደካማ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

ማታ ከራት በፊት ባለቤቴ ወጥ ቤት በር ላይ ያዘችኝ። ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን ተወች።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ብነግረው አርባ ዓመቱን ነው የማፈርሰው። ባልነግረው ዘማሪው ብርማውን ገዝቶ ቤቱ ያስገባል። እሱ ጆሮ አለው፣ በሁለተኛው ቀን ይሰማዋል። ያቺ ሴትዮም ሱቋን በሐሜተኛ ትሞላለች። ከዚያ መገናኛ ድረስ ‹ሽማግሌው አለቀላቸው› ነው የሚባለው።»

«ዕድሜ ልክህን ስትዋሽ ኖረህ ዛሬ አንዲት ደህና ውሸት አጣህ?» አለችኝ። መሳደቧ አልነበረም፤ ከልቧ እየጠየቀችኝ ነበር።

ሞከርኩ፤ እግዜር ያውቃል። ብርማው አይጥ በላው ልበል? ኢስቶኒያ ዕቃዋን መልሱልኝ አለች ልበል? አንዱም አልሠራም። አባቴ ለራት ተጠርቶ መጣ፣ በላ፣ ተነስቶ ሄደ። እኔም ያለ አንዲት ቀልድ ራት በላሁ።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስነሳ፣ ሳሎን ውስጥ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ወጣሁ። አባቴ ያችን ሰማያዊ ካፖርት ደግሞ ለብሶ ወለል ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ከሱቁ ያመጣት የድሮ ካሴት መቅጃ አለች፤ ያቺ ሁለት የመርፌ መስኮት ያላት፣ ድምፅ ሲገባ መርፌዎቿ የሚነሱላት። ማይክሮፎኗን በፕላስተር ስፒከሩ አፍ ላይ አጣብቋታል። ካቻቢቴው ጥርሱ መሃል ነው።

«ና ተቀመጥ» አለኝ ካቻቢቴውን አውጥቶ።

ተቀመጥኩ።

«ትናንት ሽቦ ልትፈታ ተንበርክከህ ስትነሳ ምንም አላልክም።»

«ምን ልበል አባዬ?»

«አንተ ከወለል ላይ ተነስተህ ቀልድ ያልተናገርክበት ቀን የለም። ወገቤን ትላለህ፣ ሥላሴን ተሳለምኩ ትላለህ፣ የሆነ ነገር ትቀባጥራለህ። ትናንት ዝም አልክ። ራትም ላይ ዝም አልክ።» ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ዝምታ ነው ሳዳምጥ የኖርኩት። ያንተን አጣዋለሁ?»

ወደ መቅጃዋ ጠጋ አልኩ።

«እየው» አለና ጥቁሯን ከፈተ፣ ድምፅ መጨመሪያዋን ጥግ አደረሰ። የመቅጃዋ መርፌዎች ንቅንቅ አላሉም፤ እንደተኙ ቀሩ። ሽቦውን ቀይሮ ብርማውን ከፈተ። መርፌዎቹ ብድግ አሉ። መሃል ላይ ቆመው ተንቀጠቀጡ።

አባቴ መርፌዎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። እኔ እሱን ነበር የማየው። ያዝናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ላይ የነበረው በልጅነቴ የማውቀው፣ የማይናገር ሬዲዮ ውስጥ ጥፋቱን ያገኘ ቀን የሚያሳየው ነገር ነው።

«አገኘሁህ፣ ሐሜተኛ» አለው ብርማውን።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ወፎቹ አልተሰደዱም አይደል?»

«አልተሰደዱም አባዬ።»

«ያ ዘማሪ ስንት ጊዜ ነግሮኛል መሰለህ።» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙን ስራገም። ያ ሁሉ ግንበኛ በከንቱ ተሰደበ።»

አብረን ሳቅን። እሱ ቀድሞ አቆመና ካፖርቱን አስተካከለ። እኔ በልቤ ነገሩ በእኛ መሃል ይቀራል፤ ለሌላው ሰው አንድ ምክንያት ፈልገን እንነግራለን እያልኩ ነበር። ተናገርኩትም። «ዘማሪውን እኔ አሳምነዋለሁ። ደግመን ስናየው ጥቁሯ ተሻለች እንላለን፤ ዝርዝሩን ማን ይጠይቀናል?»

አባቴ እንደ ተቃጠለ ትራንስፎርመር አየኝ። «ጥፋቱን ሳትናገር ዕቃ ትመልሳለህ? እኔ ለማንም ‹ተሠርቷል› ብዬ ምን እንደነበረበት ሳልነግር ሬዲዮ መልሼ አላውቅም። ምኑ እንደተበላሸ ይነገራል። ከዚያ ነው ሰው የሚያምንህ።»

ቀትር ላይ ዘማሪው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ አባቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀው።

«አንተ ዘማሪ! ብርማውን እንዳትገዛ! ትናንት ተሳስቻለሁ!»

ዘማሪው መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ደርቆ ቀረ። አባቴ በሰፈሩ ታሪክ «ተሳስቻለሁ» ሲል የሰማ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ራሱ ጴንጤው ቅዳሴ ቢቀድስ እንኳ ያን ያህል አይደነግጥም ነበር።

«ምን ሆነው ጋሼ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ጆሮዬ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማም። ወፎችህም አሉ፤ አንተ ነህ ልክ።»

ዘማሪው አጥሩን በእጁ ያዘ። «ጋሼ፣ ስለ ወፎቹ መሸነፍ እንደዚህ ያሳዝናል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለ።

«አትዘን። ነገ በሌላ ነገር እጨቃጨቅሃለሁ» አለው አባቴ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን አምፕሊፋየሮች ይዤ ልወጣ ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ ካፖርቱን ለብሶ።

«እኔ ነኝ የምነግራት። መቅጃዋን ተሸከም።»

ያቺ መቅጃ ምን ያህል እንደምትከብድ ላጋንን ብል አልችልም፤ እውነቱ ራሱ የተጋነነ ነው። ካርቶኖቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ፣ መቅጃዋን በላዩ ጭኜ፣ ከኋላው ተከተልኩት። እሱ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከፊቴ ይራመዳል። መገናኛ ስንደርስ የሕንፃው አሳንሰር አይሠራም፤ በደረጃ።

ነጋዴዋ ስታየው ከወንበሯ ተነስታ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰላም አለችው። «አባባ! እርስዎ ራስዎ መጡ?»

«መጣሁ ልጄ። የላክሽልኝን ፈትኛለሁ። መጀመሪያ የፈረድኩት ስህተት ነበር፤ ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል። ቅዳሜ በጆሮዬ ስፈትን ብርማውን አልኩ። እሑድ በዚህ ስፈትን» ብሎ እኔ ላይ ያለችውን መቅጃ አሳያት፣ «ጥቁሯ ናት። ማስመጣት ያለብሽ ጥቁሯን ነው። አሳይሻለሁ።»

አሳያት። ማይክሮፎኗን ሱቁ ውስጥ ባለ ስፒከር ላይ አጣበቀ፣ ጥቁሯን ከፈተ፤ መርፌዎቹ ተኙ። ብርማውን ከፈተ፤ ተነሱ። ነጋዴዋ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፣ «ወላሂ፣ እውነት ነው፣ ሽሽ ይላል!» አለች። ከጎን ሱቅ አንድ ሰውዬ መጣ፤ ከዚያ ሁለት። አንዱ «አባት፣ የኔንም ቢያዩልኝ?» ብሎ አንድ አምፕሊፋየር ከመደርደሪያ አውርዶ መጣ። ሌላው ተከተለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር የአባቴ የቆርቆሮ ሱቅ ሆነ። አባቴ መሬት ላይ በተነጠፈ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ መርፌ እያየ «ጨዋ»፣ «ሐሜተኛ»፣ «ይሄማ ሐሜቱን በማይክሮፎን ነው የሚያወራ» እያለ ይፈርዳል። ነጋዴዎቹ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ። ማንም «ሽማግሌው አለቀላቸው» አላለም። አንዱ እንዲያውም ለጓደኛው «ሰውየው በጆሮው አይደለም እኮ፣ በማሽን ነው የሚለካው!» ሲል ሰምቼዋለሁ።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በሕይወቴ ስለዚያ ሰው ብዙ አጋንኛለሁ፤ የወደቀ ሳንቲም አስለይቼዋለሁ፣ ሌላም ሌላም። ያን ቀን ግን የምጨምርበት አጣሁ። ያየሁትን ብቻ ብናገር በቂ ነበር።

ጥቁሯ አሁንም ሳሎናችን ውስጥ ናት። በስልኬ በኩል ቀጭኑን ድምፅ ለአባቴ ትንሽ ከፍ አድርጌለት ክራሯን ይሰማታል፤ ዘማሪው ሲመጣ ወደ ልኳ እመልሳታለሁ። አባቴም ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ መርፌውን እሱ ያያል፣ ጆሮውን እኔ አስጠጋለሁ። ሥራውን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቀኝ። «ከእንግዲህ ጆሮዬ አንተ ነህ። የሰማኸውን ብቻ ትነግረኛለህ። አትጨምር።»

ሥራውን በሰጠኝ ማግስት ጠዋት በረንዳው ላይ ጎኑ ተቀመጥኩ። ባህር ዛፏን ቀና ብሎ አየና ጠየቀኝ።

«ስንት ናቸው?»

ሁለት መቶ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጉባኤ፣ ሰልፍ፣ ሊቀ መንበር ያላቸው ልል። ዘጋሁትና ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ።

«ሦስት ናቸው፣ አባዬ። አንዷ ትንሽ ራቅ ብላለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በአጥሩ ላይ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«አንተ ዘማሪ! ልጄ ሦስት ናቸው ይላል! አንተስ ስንት ትላለህ?»

ከወዲያ ማዶ ሰውየው ቆም ብሎ ቆጠረ።

«ሦስት ናቸው ጋሼ!»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሐሜት የሌለበት አምፕሊፋየር ባገኘ ቁጥር የሚያደርገውን አደረገ፤ በጣቶቹ ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ አደረገኝና «ጨዋ ነው» አለ።